«ለጨዋታ ነው» ሲሉን፦ ታብሌት ከመግዛታችን በፊት ያየነው

ልጅ «ታብሌት ግዙልኝ፤ ለትምህርት ነው» ሲል አብዛኞቻችን ወላጆች ኪሳችንን እንፈትሻለን። «ለጨዋታ ነው» ካለ ግን ወሬው እዚያው ላይ ይቋረጣል። የ16 ዓመቷ ልጄ ባለፈው ዓመት የነገረችን ሁለተኛውን ነው፤ ያውም ሳትደብቅ። ታብሌቱን የፈለገችው ደግሞ ጨዋታ ለመጫወት ብቻ ሳይሆን ለሌሎች ጨዋታ ለማዘጋጀት ነበር። አቃቂ ያለው ቤታችን በዚህ ጥያቄ ሦስት ሳምንት ተከራክሯል። በእጃችን የነበረው ገንዘብ የዕቁብ እጣዬ ነው፤ የታሰበውም ለውኃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ነበር። ውኃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤት ሮቶ ቀልድ አይደለም።

እንዲህ ያለ ጥያቄ የእናንተንም ቤት ማንኳኳቱ አይቀርም። ስለዚህ የጠየቅነውን፣ የሞከርነውንና የወሰንነውን እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

ጨዋታው ምንድን ነው?

ለአያቶች ለማስረዳት የሚቀለው በእንቆቅልሽ ነው። መልሱ ሲጠፋን «አገር ስጠኝ» ተብለን ጎንደርን ወይም ሐረርን የሰጠን ሰዎች፣ የተቀበለውም አገሩ ገብቶ ምን እንደበላና ምን እንደጠጣ ሲያወራ የሰማን ሰዎች፣ የዚህን ጨዋታ ግማሹን እናውቀዋለን። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ይሆናሉ። ተራኪው «ድልድዩ ጋ ደርሳችኋል፤ ወንዙ ሞልቷል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ተጫዋቾቹ ይመክራሉ፣ ይወስናሉ። ማድረግ የፈለጉት ነገር አጠራጣሪ ከሆነ ዳይስ ይጣላል። በሉዶ የምናውቀው ዳይስ ስድስት ገጽ አለው፤ እዚህ በብዛት የሚጣለው ግን ሃያ ገጽ ያለው ነው።

በእንግሊዝኛው «ሮል ፕሌይንግ ጌም» የሚባለው የዚህ ጨዋታ ቀዳሚ መጽሐፍ «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» ነው። አሜሪካውያኑ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያዘጋጁት ሲሆን፣ የታተመው በእኛ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. ነው። ተጫዋቾቹ በአንድ ላይ ታሪክ ስለሚሠሩ እንደ ሉዶ አንዱ አሸንፎ ሌላው የሚሸነፍበት አይደለም። በየሰፈሩ እንደምናያቸው የውርርድ ቤቶችም ገንዘብ አይያዝበትም። እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችው «ሰይጣን አለበት ወይ?» ብላ ነው። ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ብዙ ወላጆችን አስጨንቆ ነበር። መልሱ ያለው ተራኪው በሚያወራው ታሪክ ውስጥ ነውና ቁጭ ብሎ መስማት ይሻላል። በልጄ ታሪክ ውስጥ ያሉት ጅብ፣ ዘንዶና አንድ ስስታም የጉምሩክ ሹም ናቸው።

ቀድሞ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይጫወቱት የነበረውን ዛሬ ብዙዎች በኢንተርኔት ይጫወቱታል። የኛ ቤት ተጫዋቾች አምስት ናቸው፤ ልጄ፣ አንዲት የክፍል ጓደኛዋ፣ እንዲሁም ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩት የወንድሜ ሦስት ልጆች። ቅዳሜ እኛ ጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እነሱ ጋ በበጋቸው ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ 6 ሰዓት ነው። ወንድሜ ከአገር ከወጣ 17 ዓመት ሆኖታል፤ ልጆቹ እዚያው ነው የተወለዱት። ከዚህ ጨዋታ በፊት በስልክ ሲገናኙ «ሰላም ነው?» «ሰላም ነው» ተባብለው ዝም ይሉ ነበር። አሁን ሦስት ሰዓት ሙሉ ያወራሉ፤ አማርኛውም ከእንግሊዝኛው ጋር እየተቀላቀለ ይወጣል። ክርክራችን ስለ አንድ ዕቃ ብቻ ያልነበረው ለዚህ ነው።

ዝግጅቱ ምን ይጠይቃል?

ታብሌት ሻጭ ዘንድ ከመሄዳችን በፊት ሁለት ቅዳሜና እሁድ ልጄ አጠገብ ቁጭ ብዬ ምን እንደምትሠራ በወረቀት ያዝኩ። አራት ሥራ ሆኖ ተገኘ።

የመጀመሪያው ማንበብ ነው። የጨዋታው መሠረታዊ ደንብ ከጥር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት ተፈቅዷል። ከ400 ገጽ በላይ ያለው የፒዲኤፍ ፋይል ስለሆነ የተሰረቀ ቅጂ መፈለግ አያስፈልግም። ሁለተኛው ካርታ መሳል ነው። የልጄ ካርታ የአቃቂን ወንዝ፣ የአባ ሳሙኤልን ግድብና የድሮውን ባቡር ጣቢያ ይዟል። ሐዲዱ አዲስ አበባ ከመግባቱ ሁለት ዓመት ገደማ ቀድሞ አቃቂ መድረሱን ከትምህርት ቤት ሰምታ፣ በጣቢያው አንድ ያልተከፈተ ሣጥን ተረስቶ የቀረበትን ታሪክ ፈጥራለች። ሦስተኛው መጻፍ ነው፤ የሰዎቹን ስም፣ ጠባይና ምስጢራቸውን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ትጽፋለች። አራተኛው ሁሉንም በኢንተርኔት «ጠረጴዛ» ላይ ማስቀመጥ ነው። ለዚህ «ሮል20» ወይም «ኦልቤር ሮዲዮ» የሚባሉ ድረ ገጾች አሉ፤ ካርታው እዚያ ተዘርግቶ ሁሉም በየቤቱ ያየዋል። ድምፃቸው የሚገናኘው ደግሞ በ«ዲስኮርድ» ነው።

ይህን ሁሉ ትሠራ የነበረው በ6 ኢንች ስልክ ነው። ካርታውን ስትከፍት ደንቡ ይዘጋል፤ ደንቡን ስትከፍት ካርታው እንደገና «ሎድ» ማድረግ ይጀምራል። በመሀል ስልክ ከተደወለ ሁሉም ይቋረጣል። አንድ ቅዳሜ ማታ «በቃ፣ ሌላ ሰው ያዘጋጅ» ብላ ስትናገር ሰማኋት። ከአጎቷ ልጆች መካከል ደግሞ ሊያዘጋጅ የሚችል ሌላ ሰው አልነበረም።

በእርግጥ ታብሌት ያስፈልጋል?

ባለቤቴ የጠየቀው ይህንን ነው፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ቤታችሁ የሚሠራ ላፕቶፕ ካለ ብራችሁን አታውጡ። ሮል20 በመጀመሪያ የታሰበው ለኮምፒውተርና ለማውስ ስለሆነ በታብሌት ላይ አንዳንዱ ነገር ለጣት አይመችም። «ፋውንድሪ» የሚባለውን የሚጠቀም ልጅ ካላችሁ ደግሞ ጨዋታውን የሚያስተናግድ ኮምፒውተር ያስፈልገዋል፤ ታብሌት ብቻውን አይበቃውም። ኦልቤር ሮዲዮ ግን ቀላል ስለሆነ በጣትም ይሠራል።

ካርታውም ቢሆን በባለካሬ ደብተር ላይ በእርሳስ ተስሎ፣ ፎቶ ተነስቶ ሊገባ ይችላል። ልጄ ለወራት ያደረገችው እንደዚያ ነው። ልጃችሁ ጨዋታውን የጀመረው ገና በዚህ ወር ከሆነ በደብተርና በስልክ ጥቂት ወራት ይቆይ። ፍላጎቱ ከዘለቀ ያን ጊዜ ትወያያላችሁ።

እኛን ከላፕቶፕ ወደ ታብሌት የመለሰን መብራት ነው። በአቅማችን የምናገኘው አሮጌ ላፕቶፕ ባትሪው የደከመ በመሆኑ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ደህና ታብሌት ግን አንዴ ከተሞላ ጨዋታውን ሙሉ ሌሊቱን አልፎ ያደርሳል። በላዩ ላይ በብዕር ይሳልበታል፤ ተይዞም ወደ አያት ክፍል ይኬዳል።

ከስክሪኑ እንጀምር

የጨዋታው መጻሕፍት የሚዘጋጁት ከኤ4 ወረቀት ጋር በሚቀራረብ ትልቅ ገጽ፣ በሁለት ዓምድ ነው። ያንን ገጽ በ8 ኢንች ታብሌት ላይ ሙሉውን ብታዩት ግማሽ ያህል ያንሳል፤ ልጁ ቀኑን ሙሉ ሲያጎላና ሲያሳንስ ይውላል። ከ10 እስከ 11 ኢንች ባለው ላይ ግን ገጹ ሙሉውን መጠን ባይሆንም ሳይጎላ ይነበባል። ስለዚህ ባለ 8 ኢንቹ በዋጋ ቢያማልልም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ቀጥሎ የሚመጣው ራም ነው። ራም ማለት ታብሌቱ በአንድ ጊዜ ከፍቶ የሚይዘው የሥራ ብዛት ነው፤ የእንጀራ ሰፌድ ሳይሆን የምጣዱ ስፋት ማለት ነው። ካርታ፣ ደንብና ድምፅ በአንድ ላይ እንዲሠሩ በአንድሮይድ ታብሌት ከ4 ጊጋ በታች አትውረዱ፤ 6 ወይም 8 ከተገኘ ይመረጣል። አይፓድ ራሙን የሚጠቀምበት መንገድ የተለየ ስለሆነ በቁጥሩ ብቻ አይመዘንም። ሰፌዱ ማስቀመጫው ነው፤ 64 ጊጋ ያብቃቃል፣ 128 ያዝናናል። አይፓድ ላይ ሚሞሪ ካርድ አይገባም፤ ብዙ የሳምሰንግ ታብሌቶች ላይ ግን ይገባል።

ሦስተኛው ብዕሩ ነው። እዚህ ላይ ስም ጠርቼ ልናገር፤ ምክንያቱም ሻጭ ሁሉ «በብዕር ይሠራል» ይላል። የሳምሰንግ «ታብ ኤስ6 ላይት» 10.4 ኢንች ነው፤ ብዕሩ ከካርቶኑ ውስጥ አብሮ ይመጣል፤ ቻርጅም አይፈልግም። የዚያው ኩባንያ «ታብ ኤ9 ፕላስ» 11 ኢንች ስለሆነ ለማንበብ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ያንን ብዕር አይቀበልም። የ9ኛው ትውልድ አይፓድ 10.2 ኢንች ነው፤ የሚሠራው ከመጀመሪያው ትውልድ የአፕል ብዕር ጋር ሲሆን ብዕሩ ለብቻው ይገዛል። ለማንኛውም ታብሌት የሚሆኑት ርካሽ ብዕሮች የጣት ምትክ ናቸው፤ ለመጫን እንጂ ቀጭን መስመር ለመሳል አይደሉም። ልጃችሁ ካርታ የማይስል ከሆነ ግን ለብዕር ገንዘብ አታውጡ።

ሲም ካርድ የሚቀበል ታብሌት ዋጋው ከፍ ይላል። ከልጅ ወይም ከወላጅ ስልክ በ«ሆትስፖት» ኢንተርኔት ማካፈል ስለሚቻል እኛ ዋይፋይ ብቻ ያለውን መረጥን። መብራት ሲጠፋ የቤት ዋይፋይ አብሮ ቢሄድም የስልኩ ኔትወርክ ብዙ ጊዜ ይቆያል። 20 ሺህ ሚሊአምፒር የሚል ፓወር ባንክ በዚህ መጠን ያለን ታብሌት አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ፣ ከዚያም የተወሰነ ይሞላል።

ገበያ ላይ ያደረግናቸው ሙከራዎች

ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ሳምንት ሳይሞላው ሲለወጥ አይተናል፤ ጋዜጣው እጃችሁ ሳይገባ ቁጥሩ ያረጃል። መርካቶ፣ መገናኛና ቦሌ ሦስቱም ጋ ሄደን ጠይቀናል፤ ለአንድ ዓይነት ዕቃ የተነገረን ዋጋ የተለያየ ነበር። ከአቃቂ ተነስቶ ሦስቱን ቦታ መዞር አንድ ሙሉ ቅዳሜ ይፈጃል፤ የታክሲውን ወጪ ግን መልሶ ይከፍላል።

ልጄን ይዤ ነበር የሄድኩት። የራሷን ፋይሎች በፍላሽ ይዛለች፤ ኢንተርኔት ከስልኬ ታካፍላለች። ሻጩ ፊት ያደረግነው ይህንን ነው።

አንደኛ፣ ባለ 400 ገጹን ፋይል ከፍታ ወደ መሀሉ ዘለለች፤ አጎላች፣ ተመለሰች። ገጹ ለረጅም ጊዜ ነጭ ሆኖ ከቆየ ያ ታብሌት ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ካርታውንና ደንቡን ጎን ለጎን ከፍታ ከኔ ስልክ ጋር በድምፅ ተገናኘች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ካርታው እንደነበረ መቆየቱን አየን። በአንድ የሚያብረቀርቅ ታብሌት ላይ ካርታው ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ሎድ አደረገ። ካርቶኑ ላይ ትልልቅ የራም ቁጥር ተጽፎበት ነበር። አንዳንድ አምራቾች ከማስቀመጫው ተበድረው የሚደምሩትን ሁሉ ራም ብለው ስለሚጽፉ፣ እውነተኛውን ቁጥር «ሴቲንግ» ውስጥ ገብታችሁ እዩ።

ሦስተኛ፣ በማስመሪያ ጥግ ላይ ብዕሩን ቀስ አድርጋ አግድም አሰመረች። መስመሩ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም መዳፏ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ሌላ ምልክት ካወጣ፣ ካርታ አይሳልበትም።

አራተኛ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጻፈች። ኪቦርዱ «ጓ»ን እና «ቧ»ን ሳያስቸግር ማውጣት አለበት።

አምስተኛ፣ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ከፍተን 20 ደቂቃ አሠራነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ10 በመቶ በላይ ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ቻርጀሩንም ሰክተን ገመዱን ትንሽ አነቃነቅን፤ መሙላቱ መቋረጥ የለበትም።

ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ስድስተኛና ዋነኛ ሙከራ አለ። ሻጩ ፊታችሁ ታብሌቱን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመልሰውና እንደ አዲስ ይክፈተው። የቀድሞ ባለቤቱን ኢሜይል ወይም የይለፍ ቃል ከጠየቀ፣ ወይም «ይህ መሣሪያ በድርጅት ይተዳደራል» የሚል መልእክት ካመጣ፣ በምንም ዋጋ አትግዙት። ከውጭ ከሚመጡት መካከል የትምህርት ቤት ወይም የኩባንያ ንብረት የነበሩ አሉና፣ ዛሬ ቢከፈትም ነገ ሊዘጋ ይችላል። ደረሰኙ ላይ ሴሪያል ቁጥሩ ይጻፍ፤ የዋስትናው ጊዜም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን።

«እዚህ ሰፈር የሚገዛ ሰው 20 ደቂቃ አይሞክርም» ያለን ሻጭ ነበር። አመስግነን ወጣን። ሌላው ወንበር ሰጥቶን ራሱም ካርታውን ሲያይ «ይሄ የአባ ሳሙኤል መንገድ አይደለም እንዴ?» አለ። የገዛነው ከዚህኛው ነው፤ ብዕሩ አብሮት የሚመጣውን ባለ 10.4 ኢንች፣ ባለ 128 ጊጋ ታብሌት። ከዕቁቡ በተረፈው ለሮቶ ሄድን፤ ባሰብነው ባለ 1000 ሊትር ፈንታ ባለ 500 ሊትሩን አስገባን። ልጄ በድርሻዋ በፈረቃው ቀን ጀሪካን የመሙላቱን ሥራ ያለ ክርክር ተረክባለች።

ከገዛን በኋላ ያለው ሥራ

በ2004 ዓ.ም. «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ለ40 ያህል ልጆች ታብሌት ሰጥቶ ነበር። ልጆቹ ትምህርት ቤት ያላዩ ነበሩ፤ ታብሌቱ በፀሐይ ኃይል ይሞላል፤ አስተማሪ ግን አልተመደበም። ልጆቹ ካርቶኑን ከፍተው ማብሪያውን ራሳቸው አገኙት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል ይዘምሩ ነበር። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ደግሞ ተዘግቶ የተሰጣቸውን ካሜራ ከፍተው ተገኙ። ይህ ታሪክ በሁለት በኩል ይጠቅመናል። ልጅ ዕቃውን ለማወቅ የኛን እርዳታ አይጠብቅም። ቁልፍ ብቻም ልጅን አይጠብቅልንም።

ስለዚህ ከቁልፍ ይልቅ ስምምነት አደረግን። ዲስኮርድ ከ13 ዓመት በታች ያለን ልጅ አይፈቅድም፤ ከወንድሜ ልጆች ትንሹ ልክ 13 ሲሆነው ነው የገባው። መገናኛ ክፍላቸው በግብዣ ብቻ የሚገባበት ነው፤ የማናውቀው ሰው አይጨመርም። ዲስኮርድ ውስጥ «ፋሚሊ ሴንተር» የሚባል አለ፤ ልጁ ከማን ጋር እንደተገናኘ ለወላጅ ያሳያል እንጂ የተጻፈውን ቃል አያሳይም። ለ16 ዓመት ልጅ ያ ይበቃል ብለናል። የክፍያ ካርድ ታብሌቱ ላይ አልተመዘገበም። የዝግጅቱ ሰዓት ከቤት ሥራ በኋላ ነው፤ ፈተና ባለበት ሳምንት ጨዋታው ይዘለላል። አሜሪካ ያሉትም ወላጆች ይህንኑ ሕግ ተቀብለዋል።

አያቶች ደግሞ አንድ ሥራ አላችሁ፤ አንድ ምሽት ቁጭ ብላችሁ ስሙ። እናቴ መጀመሪያ የሰማችው ከበር ላይ ሆና ነበር። ልጄ ዘንዶውን ከወንዙ ስታወጣ «አንቺ ልጅ፣ ዘንዶ እንደዚያ አይወጣም» ብላ ገባች። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ልጄ ታብሌቱን ይዛ ወደ ክፍሏ ትሄዳለች። «እማማ፣ የጅቡን ንገሪኝ» ትላታለች፤ አያት ታወራለች፣ ልጅ ትጽፋለች። ቅዳሜ ማታ ያ ታሪክ ሲልቨር ስፕሪንግ ይደርሳል።

ዳይሱን ጣይ ስንላት ግን «እኔ አልጫወትም» ትላለች። በቅርቡ ትንሹ የወንድሜ ልጅ በተሰበረ አማርኛው «እማማ፣ ጅቡ አሁን የት ነው?» ብሎ በቀጥታ እሷን ጠየቃት። ያንን ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ያየችው በፎቶና በቪዲዮ ብቻ ነው። መነጽሯን አድርጋ ካርታውን ጠጋ ብላ አየችና መለሰችለት፤ ቀጥሎም «አንተስ የት ቆመሃል?» ብላ ጠየቀችው።

ልጃችሁ «ለጨዋታ ነው» ብሎ ታብሌት ሲጠይቃችሁ፣ እሺም እምቢም ከማለታችሁ በፊት «ምን እንደምትሠራበት አሳየኝ» በሉት። ሊያሳያችሁ የሚችለው ሥራ ካለው፣ ዕቃውን ለመምረጥ የሚያስፈልጋችሁን አብዛኛውን ነገር ከዚያ ታገኛላችሁ።